የአባቴ ብርሃን መለኪያ

ጋዜጠኝነት ስንማር «ምንጫችሁን ፈትሹ» የሚለውን እስኪሰለቸን ሰምተናል። ምንጩ መርፌ ያላት ዕቃ ስትሆንስ? ይህን ማንም አልነገረኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሠራበት ዝግጅት ክፍል (ስሙ ይቆየን) ምድር ቤት ነው። አራሚያችን ጋሼ ባለፈው ወር የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳቸው። ጥፋታቸው? «ለ»ን «ሉ» የምታደርገዋን ጭረት ሳያዩ ማለፍ። «ዓይናቸው ደክሟል» ተባለ። እኔ ግን የ25 ዓመት ዓይን ይዤ፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ከሰዓት በኋላ ፊደሉ ይደራረብብኛል።

አባቴ ፎቶ ቤቱን ሲዘጋ የሰጠኝ አሮጌ ሴኮኒክ የብርሃን መለኪያ አለችኝ። ባትሪ የላትም። ውስጧ ያለው ሴሊኒየም ብርሃን ሲያርፍበት ራሱ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ መርፌዋን የሚገፋውም እሱ ነው። ጋሼ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጣት 8 ፉት ካንድል አለች፤ ወደ 86 ሉክስ ማለት ነው። ኢኤን 12464-1 የተባለው የአውሮፓ ደረጃ ቢሮ ውስጥ ለማንበብና ለመጻፍ 500 ሉክስ ይጠይቃል።

ደስ አለኝ! ወደ አለቃችን ከመሮጤ በፊት ግን አባቴ ጋ ደወልኩ። «ሴሊኒየም ያረጃል፣ ልጄ። መጀመሪያ ፀሐይ ላይ ሞክሪያት» አለኝ። የፎቶ አንሺዎች ደንብ አለ፦ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ በ100 ፊልምና በ1/125 ሰከንድ፣ የሌንሱ ቀዳዳ 16 ይሆናል። ግቢ ወጣሁ። የእኔዋ 11 አለች። በአንድ ደረጃ ታሳንሳለች፤ አንድ ደረጃ ደግሞ እጥፍ ነው። ስለዚህ 86ቱ በግርድፉ 172 ሆነ። ማስረጃዬ ሳሳ፤ ግን አልሞተም።

አለቃችን ቁጥሩን አይተው «ጋዜጠኝነት ተምረሽ መብራት ኃይል ልትገቢ ነው እንዴ?» አሉኝ። ቢሯቸው ፎቅ ላይ፣ ጠረጴዛቸውም መስኮት ሥር ነው። መለኪያዋን እዚያው ፊታቸው አስቀመጥኳት፤ 40። ሲታረም ወደ 860 ሉክስ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሠራተኛውን ጤንነትና ደህንነት እንዲጠብቅ እንደሚያስገድድም ጨመርኩላቸው። ዝም አሉ።

በሳምንቱ ለጋሼ የጠረጴዛ መብራት ተገዛ። ደብዳቤው ግን እስከ ዛሬ ከፋይላቸው አልወጣም። እንግዲህ ብርሃኑ ሲያንስ የተጻፈ ጥፋት፣ ብርሃኑ ሲጨመር ለምን አይሰረዝም?

ይህችን ጽሑፍ አስቀድመው ያነበቡልኝ ጋሼ ናቸው። ስህተት ካገኛችሁ የእኔ ነው።