የዓመቱን ዘፈን ማን ይምረጥ?

በየዓመቱ ኅዳር ሲገባደድ፣ ፈረንጆቹ ዲሴምበርን ሲቀበሉ፣ በአሜሪካና በአውሮፓ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስልካችን በአንድ ዓይነት ምስል ይሞላል። ስፖቲፋይ ከጃንዋሪ ጀምሮ ያዳመጥነውን ሁሉ ቆጥሮ አብዝተን የሰማናቸውን ዘፈኖችና ዘፋኞች በደረጃ ያቀርብልናል፤ እኛም ለወዳጅ ዘመድ እንልከዋለን። ልማዱ ደስ የሚል ነው፤ የሩቅ ወዳጅ ዓመቱን ምን ሲሰማ እንደከረመ ማወቅ ያቀራርባል። ቅር የሚለኝ ይህ ቆጠራ «የዓመትህ ዘፈኖች» ተብሎ ሲሰጠንና እኛም ሳንመረምር ስንቀበለው ነው። የአራዳና የፒያሳን ዓመት የሚያውቅ ሰው፣ ዘፈን የዘመን ምልክት የሚሆንበት መንገድ ከዚህ እንደሚለይ ያውቃል። እዚያ አንድን ዘፈን ከአንድ ቀን ጋር የሚያስረው መቼ እንደተሰማና ማን ማን አብሮ እንደሰማው ነው። ብዛቱ የሚናገረው ስለ ልማዳችን ብቻ ነው።

ከሆያ ሆዬ እንጀምር። ነሐሴ 13 ለሚውለው ቡሄ ልጆች ዱላ ይዘው በየደጁ ይጨፍራሉ፤ ሙልሙሉን ወይም ዛሬ ዛሬ የተለመደውን ብር ይቀበላሉ፤ መርቀው ይሄዳሉ። ሰሞኑ ካለፈ በኋላ ያንን ዜማ የሚያነሳ የለም። በታኅሣሥ ሆያ ሆዬ የሚጨፍር ልጅ ቢገኝ ሰፈሩ በሙሉ ምን ነካው ይላል። ከዚያ ደግሞ ጳጉሜን አልቃ መስከረም ሲጠባ ሴቶቹ ልጆች አደይ አበባና ለምለም ሣር ይዘው አበባየሆሽ ይላሉ፤ እሱም በአንድ ሁለት ቀን ያበቃል። እነዚህን ሁለት ዜማዎች በስልክ ቆጠራ ብንመዝናቸው ከዝርዝሩ ግርጌ እንኳ ቦታ አያገኙም። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ግን ክረምቱ መውጣቱን የሚያውቀው በእነሱ ነው። ጉልበታቸውም የመጣው ብርቅ ከመሆናቸው ነው፤ በየቀኑ ቢሰሙ ኖሮ የየትኛውም ቀን ምልክት ባልሆኑ ነበር።

ዝምታም ከዚሁ ሥርዓት ይቆጠራል። በሁዳዴ 55 ቀናት በብዙ ምእመናን ቤት ዘፈን ይዘጋል፤ መዝሙርና በገና ይተካል፤ ሠርግም የለም። ፋሲካ ሲመጣ ዘፈኑም ሠርጉም አብረው ይመለሳሉ፤ የዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን ሙሽራ ያጀቡ መኪኖች ጡሩምባ ትርጉም የሚያገኘው ሁለት ወር ሙሉ ባለመሰማቱ ነው። በፒያሳው ኑር መስጊድ ዙሪያ የሚኖረው ሙስሊም ጎረቤት ደግሞ የራሱ ሰሞን አለው፤ ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ስለሚቀድም መንዙማው አንዱን ዓመት በበልግ፣ ሌላውን በበጋ ይሰማል። እነዚህ ሁሉ በአንድ ሰፈር ተደራርበው የሚኖሩ አቆጣጠሮች ናቸው። የስልኩ ቆጠራ ዝምታን የሚያውቀው እንደ ባዶ ነው፤ ከሁዳዴ በኋላ የተሰማ አንድ ዘፈንና በተራ ማክሰኞ አውቶቡስ ላይ የተሰማው ያው ዘፈን እኩል አንድ አንድ ነጥብ ያገኛሉ።

ፒያሳን ደጋግሜ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1927 ዓ.ም የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ቴአትር እዚያ ነው። በ1960ዎቹ መባቻ አምሃ እሸቴ የሸክላ ኅትመትን በብቸኝነት ለሀገር ፍቅር የሰጠውን ደንብ ተዳፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ ሲያወጣ፣ ዘመናዊው ዘፈን ከአዳራሽና ከሬዲዮ ወጥቶ በሱቅ በኩል መንገድ ላይ ወረደ። ካሴት ሲመጣ የሙዚቃ ቤቶቹ በዙ፤ የማሕሙድ አሕመድ ሙዚቃ ቤት ሰው የሚቀጣጠርበት ቦታ እስከ መሆን ደረሰ። ሱቆቹ የድምፅ ማጉያቸውን ወደ ውጭ አዙረው አዲሱን ካሴት ያጫውቱ ነበር፤ ከጊዮርጊስ ቁልቁል የሚወርደው ተማሪ፣ ወርቅ ቤት የሚገባው እጮኛ፣ ታክሲ የሚጠብቀው ሠራተኛ ሳይመርጡትና ሳይከፍሉበት ያንኑ ዘፈን በአንድ ሳምንት ይሰሙ ነበር። አሳታሚዎች ካሴቱን ለእንቁጣጣሽ ወይም ለፋሲካ ያደርሱ የነበረው ሰው ለበዓል ገንዘብ ስለሚያወጣ ነው። ምክንያቱ ንግድ ነበር፤ ውጤቱ ግን ዘፈኑን ከበዓሉ ጋር ማጋባት ሆነ። ከዓመታት በኋላ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች «ያ ካሴት የወጣ ጊዜ» ብለው ስለ አንድ ወቅት ሊነጋገሩ የቻሉት ለዚህ ነው።

ሕዝብ ዘፈንን ከቀን ጋር የሚያስረው በራሱ ሥልጣን እንደሆነ የሚያሳዩ ምሳሌዎች አሉ። ጥላሁን ገሠሠ ያረፈው ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም ነበር፤ ዕለቱ ፋሲካ ነው። በዚያ ሰሞን በየቤቱና በየሬዲዮው የተሰሙት ዘፈኖች ብዙዎቹ ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በፊት የተዘፈኑ ናቸው፤ ነገር ግን የ2001 ዓ.ም ዘፈኖች እነሱ ናቸው። የቴዲ አፍሮ «ጥቁር ሰው» የወጣው በ2004 ዓ.ም የፋሲካ ሰሞን ነበር፤ ሰዉ ግን ከሚያዝያ አንስቶ ወደ የካቲት 23 አዛወረው፤ አሁን የዓድዋ ቀን ዘፈን ነው። እጅጋየሁ ሽባባው ከአገር ርቃ በሠራችው፣ በፈረንጆቹ 2001 በወጣው አልበሟ ውስጥ ያለው «ዓድዋ» ደግሞ ከውጭ ተነስቶ አራዳ ምኒልክ አደባባይ ደርሷል። ከዚህ የምረዳው ዘፈኑ የተሠራበት ቦታም ሆነ የወጣበት ወር ወሳኝ አለመሆኑን ነው። ወሳኙ ብዙ ሰው በአንድ ቀን አብሮ መስማቱ ነው፤ ዲያስፖራውም ለዚህ ማዋጣት እንደሚችል እጅጋየሁ ምስክር ናት።

የምትሉኝ አይጠፋኝም። አንደኛው፣ «ያልከው ፒያሳ አሁን የታለ?» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ካሴቱ ከሞተ ቆይቷል፤ በ2016 ዓ.ም የሰፈሩ ሰፊ ክፍል ፈርሶ ነዋሪው ተበትኗል፤ አዲስ አበባ ያለው ወጣትም ዘፈኑን የሚሰማው እንደኛው በጆሮ ማዳመጫ ከዩቲዩብ ነው። ይህ ያሳዝነኛል፤ ክርክሬን ግን አያፈርሰውም። ሱቁ ቢጠፋም የቀኑ ሥርዓት አልጠፋም፤ ዩቲዩብ ላይ የሚለቀቀው አዲስ ሥራ ዛሬም በዓልን ይጠብቃል፤ የካቲት 23 ሲነጋ ሚሊዮኖች ሳይነጋገሩ አንድ ዘፈን ይከፍታሉ። በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 የሚተላለፈው ለዛ ፕሮግራምም የዓመቱን ዘፈን የሚያስመርጠው በአድማጮች ድምፅ ነው፤ ድምፅ የሚሰጥ ሰው ቆም ብሎ ማሰብ አለበት፤ የሚቆጠርለት ሰው ግን ማሰብ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል፦ አብሮ መስማት ሁልጊዜ በፈቃድ አልነበረም። በደርግ ዘመን የቀበሌ ኪነት የዘፈነውን ሁሉም ሰው ሰምቷል፤ የሰማው ግን ወዶ አይደለም። ለብቻ መስማት ነፃነት ነው የሚል ሰው፣ በተለይም ከጎረቤትና ከዘመድ ዓይን ርቆ የራሱን ጣዕም ያገኘ ሰው፣ እውነት አለው። ይሁንና የታዘዘ ዘፈንና የታሰረ ዘፈን ይለያያሉ። የቴዲ አፍሮ «ያስተሰርያል» ከ1997 ዓ.ም ምርጫ ጋር የተቆራኘው መንግሥት ስላዘዘ አልነበረም። ትእዛዝ ዘፈንን ማሰማት ይችላል እንጂ በሰው ልብ ውስጥ ከቀኑ ጋር ማሰር አይችልም። የራስን ጣዕም ማግኘትም ቢሆን ለማሽን አሳልፎ ከመስጠት ይልቅ ራስ መርጦ መናገርን ይጠይቃል።

ወደ እኛ ስመጣ፣ በውጭ የጎደለን ዘፈን አይደለም፤ የቀን መቁጠሪያው ነው የተሰበረብን። ሠርጋችን አዳራሽና ዕረፍት በሚገኝበት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ይሆናል፤ ያ ደግሞ ከፍልሰታ ጾም ጋር ይጋጫል፤ ስለዚህ የሙሽራ ዘፈን ፋሲካን ማስታወስ ትቷል። እንቁጣጣሽ በሥራ ቀን ከዋለ ወደ ቅዳሜ ይገፋል። የስፖቲፋይ ዓመት ደግሞ የእኛን ዓመት መሐል ለመሐል ይቆርጠዋል፤ የአንዱ ዓመት ጥርና የሚቀጥለው ዓመት መስከረም በአንድ ዝርዝር ውስጥ ይደባለቃሉ። በአንጻሩ የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በየዓመቱ በጁላይ መግቢያ የሚያዘጋጀውን የኳስ ሳምንት እንመልከት። ከፈረንጆቹ 1984 ጀምሮ በየከተማው እየዞረ የሚካሄደው ይህ በዓል ለዲያስፖራው የራሱን ቀን ሰጥቶታል፤ የዚያ ሳምንት የምሽት ዝግጅቶች ላይ የተጨፈረበት ዘፈን «የዳላሱ»፣ «የአትላንታው» እየተባለ ይታወሳል። ሰው ሲሰባሰብ ዘፈን ቀን ያገኛል፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ዝርዝሩን በጳጉሜን እንሥራው፤ አምስት ወይም ስድስት ቀን ለዚህ ይበቃል። ከመስከረም እስከ ነሐሴ ለየወሩ አንድ ዘፈን ይመረጥ፤ አጠገቡ ቀኑና አብሮ የሰማው ሰው ይጻፍ። ያለ ዘፈን ያለፈ ወር ካለ ባዶነቱ ከነምክንያቱ ይመዝገብ፤ ጾም ወይም ሐዘን ሊሆን ይችላል። ልጆቻችን የሚያመጡት እኛ የማናውቀውን የእንግሊዝኛ ዘፈን ቢሆንም ይግባ፤ የምንጠይቃቸው ስንት ጊዜ እንደሰሙት ሳይሆን የትና ከማን ጋር እንደሰሙት ነው። አያት አዲስ አበባ ካሉ የእሳቸውም ዝርዝር በስልክ ይጠየቅ፤ ሁለቱ ዝርዝሮች የሚገናኙበት ወር ካለ እሱን ማወቁ ለቤቱ ይጠቅማል፤ የሚገናኙበት ከሌለም ለመጪው ዓመት በየትኛው በዓል የትኛውን ዘፈን በአንድ ሰዓት እንደሚከፍቱ ከወዲሁ መቀጣጠር ይችላሉ።