አራት ኪሎ ወይስ ዓለማያ?

በ1970ዎቹ መጨረሻ ደሴ ውስጥ ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች እንኳ በሁለት ነጥብ ስምንትና በሦስት ነጥብ ሁለት መካከል ያለውን ልዩነት አሳምረው ያውቁ ነበር። የማትሪክ ውጤት ነው። ኤ አራት፣ ቢ ሦስት፣ ሲ ሁለት እየተባለ የአምስት ትምህርቶች ውጤት ተደምሮ ለአምስት ይካፈላል። እንግሊዝኛና ሒሳብ የማይዘለሉ ናቸው። ስለዚህ አስራ አንደኛ ክፍል የገባ ተማሪ ትልቁ ጭንቀቱ «ከሁለቱ ሌላ የትኞቹን ይዤ ልፈተን?» የሚል ነበር። ፊዚክስ ያስፈራል፤ ያለ ፊዚክስ ግን የምህንድስናው በር አይከፈትም። ታሪክና ጂኦግራፊ የሚወድ ልጅ ደግሞ «ሰነፍ ስለሆነ ነው» እንዳይባል ይሳቀቃል። ይህ ሐሜት በዚያን ጊዜም ያናድደኝ ነበር፤ ዛሬም ያናድደኛል።

ምርጫው ግን በወረቀት የሚጀመር አልነበረም። አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚባለው ስያሜ ትርጉም ነበረው። ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ወርክሾፕ አለ፤ የጽሕፈት መኪና የተደረደረበት ክፍል አለ፤ የሆም ኢኮኖሚክስ ምድጃ አለ፤ ጎመንና ካሮት የምንተክልበት የእርሻ መደብ አለ። ዘጠነኛና አስረኛ ክፍል ሳለን በየተራ እናልፍባቸዋለን። የወርክሾፑ ሽታ እስካሁን ከአፍንጫዬ አልጠፋም፤ የጽድ ፍቅፋቂ፣ ኮላ፣ የሞርሳ ቅባት። የመጀመሪያ ሥራችን ባለ ሦስት እግር በርጩማ ነበር። መምህሩ ስኳድራቸውን ይዘው በየጠረጴዛው ይዞራሉ፤ እንጨቱ ላይ አስጠግተው በመስኮቱ ብርሃን ያዩታል። ብርሃን ሾልኮ ከታየ ምንም ሳይናገሩ መላጊያውን መልሰው ያስጨብጡሃል። አጠገቤ የሚሠራው ልጅ በሒሳብ ፈተና ብዙም አይቀናውም ነበር። የእሱን በርጩማ ግን ስኳድራው አንድም ቀን አላጋለጠውም። መምህሩ አንድ ቀን ትከሻውን ይዘው፣ «አንተ ልጅ፣ ተግባረ ዕድን አስብ» አሉት። ከዚያ በፊት ስለወደፊቱ ማንም እንዲህ ፊት ለፊት አልነገረውም። እጁ አስቀድሞ ስለተጠየቀ፣ ሰውየው የሚናገሩት በዓይናቸው ያዩትን ነበር።

ዋናው አማካሪያችን ግን ክረምት ነው። ሐምሌ ሲገባ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ወደ ቤታቸው ይመጣሉ። ጦሳ በጉም ይሸፈናል፤ ዝናቡ ቀኑን ሙሉ አያባራም፤ ሰው ሁሉ ቤት ነው። አንድ የካምፓስ ተማሪ መጣ ከተባለ የሰፈሩ ልጆች ሰበብ ፈልገን ወደዚያ ቤት እንሄዳለን። እናቱ ቡና እያፈሉ «ግቡ ልጆቼ፣ እንዳይበርዳችሁ» ይሉናል፤ እኛም ጥግ ጥጉን ይዘን እንቀመጣለን። እሱም ይነግረናል። ሳይንስ የደረሰው አራት ኪሎ፣ ሶሻል የደረሰው ስድስት ኪሎ እንደሚመደብ፤ ኬኔዲ ላይብረሪ ውስጥ ወንበር ለመያዝ በጠዋት መሰለፍ እንደሚያስፈልግ፤ በመጀመሪያው ሴሚስተር ወድቆ በገና ሰሞን ሻንጣውን ይዞ የሚመለስ ተማሪ «ክሪስማስ ግራጁዌት» እንደሚባል። በመጨረሻው ላይ ማንም አይስቅም፤ እዚያው ሰፈር ውስጥ የደረሰበት ልጅ ይኖራላ።

ጥያቄያችን ማለቂያ አልነበረውም። ኬሚስትሪ ያጠና ሰው የት ይቀጠራል? የሕግ ተማሪ ስንት ዓመት ይፈጅበታል? ሴት ልጅ ምህንድስና ብትገባ ትቸገራለች? ይህን የጠየቀችው ታላቅ እህቴ ነበረች። ልጁም ሳይቸኩል አሰበና፣ «እኛ ክፍል ያሉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ግን ያሉት ጎበዞች ናቸው። አንቺ ከመጣሽ አስተዋውቅሻለሁ» አላት። እናታችን ያ መልስ አላስደሰታትም። እህቴ ግን የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ፎርሙ ላይ ምህንድስናን አንደኛ አድርጋ ሞላች። ዛሬ ይህን መልስ የሚሰጥ ሰው ተፈልጎ አይገኝም ማለቴ አይደለም፤ እሱን ለማግኘት የጎረቤትን ደጃፍ መርገጥ ብቻ ይበቃ እንደነበረ ግን መናገር እፈልጋለሁ።

ፎርሙ ራሱ የቤተሰብ ጉዳይ ነበር። በእርሳስ ይሞላል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይሞላል። አባት «ሐኪም» ይላል፣ አጎት «አካውንቲንግ» ይላል፣ እናት ከሁሉም በላይ የምትጠይቀው ርቀቱን ነው። የተቋማቱ ስም ያን ጊዜ ጥቂት ስለነበር እያንዳንዱ የራሱ መልክ ነበረው። ዓለማያ ማለት እርሻ ነው፤ ለእኛ ግን ባቡርም ነው፤ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ድረስ በምድር ባቡር፣ ከዚያ ዳገቱን ወደ ሐረር መንገድ። የግብርና ኮሌጅ ሆኖ ኖሮ በ1977 ዓ.ም ዩኒቨርሲቲ መባሉ ክብሩን ከፍ አድርጎት ነበር። ጎንደር ማለት ጤና ነው፤ ከ1947 ዓ.ም ጀምሮ የጤና መኮንኖች ያሠለጠነ ቤት። ጅማ የጤና ተማሪውን ገና ከጅምሩ ገጠር አውርዶ ከሕዝብ ጋር ያገናኘዋል ይባል ነበር። ባሕር ዳር ሲባል ጣናና ፖሊቴክኒኩ አብረው ይነሳሉ። አስመራም በዝርዝሩ ውስጥ ነበረ፤ ንግድና አስተዳደር ለሚወዱ ልጆች ትልቅ ሕልም ነበር። በአንድ ፎርም ላይ አስመራንና ዓለማያን አንደኛና ሁለተኛ አድርጎ የሞላ ትውልድ ነበር፤ ከእንግዲህ እንደዚያ ያለ ፎርም የሚሞላ ተማሪ የለም።

ከሁሉ የማልረሳው ግን አርባ ምንጭን ነው። የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ በ1979 ዓ.ም ሲከፈት የ1977ቱ ድርቅ ገና ከሁለት ዓመት በፊት ያየነው ነበር። ኮረምን፣ ባቲንና ሌሎቹን መጠለያዎች በወሬ ብቻ ያላወቅን የወሎ ልጆች ነን። ከክፍላችን አንዱ፣ ነጥቡ ሕክምና የሚያስገባው ልጅ፣ አንደኛ ምርጫ ብሎ የሞላው ውሃን ነበር። የክፍላችን ኃላፊ መምህር ጠርተው «ተሳስተህ ነው?» አሉት። «አልተሳሳትኩም፣ እኛ አገር የጎደለው እሱ ነው» አላቸው። መምህሩ ፎርሙን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ ሌላ ቃል አልተናገሩም። ስለ ትምህርት ምርጫ በተነሳ ቁጥር ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ይህ ልጅ ነው። የመረጠው ለነጥቡም ለደመወዙም ሳይሆን ላየው ነገር ነበር።

ያልቀናውም መንገድ አላጣም። አስራ ሁለት ፕላስ አንድ ብሎ መምህርነት የገባ፣ ኮሜርስ ገብቶ በሁለት ዓመት ዲፕሎማ ይዞ የወጣ፣ ቀን እየሠራ ማታ በኤክስቴንሽን የተማረ፣ በግል ተመዝግቦ ማትሪክ የደገመ። ከአንደኛ ደረጃ መምህሮቻችን ብዙዎቹ በዚህ መንገድ የመጡ ነበሩ፤ ለእኔ ፊደልን ያስቆጠረችኝም ከእነሱ አንዷ ናት።

ዩኒቨርሲቲ የደረሰንም ብንሆን የመጨረሻውን ምርጫ ገና አልመረጥንም ነበር። ፍሬሽማን የሚባል ዓመት ነበራ። እኔ አራት ኪሎ የገባሁት ፋርማሲ ብዬ ነው። ከዚያ የጂኦሎጂ ተማሪዎች ከመስክ ሲመለሱ አየሁ፤ ጫማቸው ጭቃ፣ ከረጢታቸው ድንጋይ፣ ፊታቸው በፀሐይ የጠቆረ። አንዱ ከከረጢቱ ጥቁር የሚያብረቀርቅ ስባሪ አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖረልኝና «ኦብሲዲያን ነው፣ ከስምጥ ሸለቆ» አለኝ። ዓመቱ ሲያልቅ ዲፓርትመንት ምረጡ ስንባል እጄ ወደዚያ ሄደ። ያ አንድ ዓመት ባይኖር ኖሮ ሕይወቴን በመድኃኒት ቤት አሳልፌ፣ ምናልባትም ተስማምቶኝ፣ ይህን ሙያ ሳላውቀው በቀረሁ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሰናዶን አመጣ፤ በ1993 ዓ.ም የአስረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተጀመረ፤ ማትሪክም ቀስ በቀስ ከአፋችን ጠፋ። ያላለፈው ወደ ቴክኒክና ሙያ፣ ያለፈው ወደ መሰናዶ። ናቹራል ወይስ ሶሻል የሚለውን ጥያቄ የአስራ ስድስት ዓመት ልጅ እንዲመልስ ተደረገ፤ ፍሬሽማንም ስለቀረ ሐሳብ የሚለወጥበት ጊዜ ጠበበ። ከ2001 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡት 70 በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይግባ ተባለ። አገር መሐንዲስ እንደሚያስፈልጋት አልክድም። ታሪክ የምትወድ ልጅ በኮታ ብዛት ወርክሾፕ በሌለው የምህንድስና ክፍል ስትቀመጥ ማየት ግን ልብ ያደማል።

ለድሮው ስል እውነቱን አልደብቅም፤ ያን ጊዜ በሩ ጠባብ ነበር። ከክፍላችን የገባነው እፍኝ ነን። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ናቸው፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ2012 ዓ.ም ፍሬሽማን መመለሱን ስሰማ ደስ ብሎኛል፤ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሙያ ነክ ትምህርቶች ወደ ሁለተኛ ደረጃ መመለሳቸውም እንዲሁ፤ ሞርሳውና መላጊያው አብረው ይመለሱ እንጂ። የ2014ቱ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ ግን ደነገጥኩ። ከ896 ሺህ በላይ ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። እነዚያ ልጆች ውጤታቸውን ያዩት ብቻቸውን፣ በስልክ ስክሪን ላይ ነው። ቀጥሎ ምን እንደሚሻል የሚነግራቸው፣ በር ከፍቶ «ግቡ» የሚላቸው ቤት ስንቶቹ እንደነበራቸው አስባለሁ።

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ፍሬሽማን ናት። በቀደም ደውላ፣ «ጋሼ፣ ዲፓርትመንት መምረጫው እስኪደርስ ምን ላድርግ?» አለችኝ። የየትምህርት ክፍሉን ሕንፃ ዞረሽ እይ፣ ላብራቶሪ ካላቸው ግቢና ጠይቂ፣ ከሁሉ በፊት ግን የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎችን ፈልገሽ ቡና ጋብዣቸው አልኳት። የቡናውን ብር በቴሌብር ልኬላታለሁ። ክረምት ላይ ደሴ ስትወርድ ደግሞ አስራ አንደኛ ክፍል የሚገቡ ሁለት የጎረቤት ልጆች ስላሉ፣ እናቷ ቤት ቀጥራ እንድታነጋግራቸው ጠይቄያታለሁ፤ እሺ ብላለች።