ዱር ቤቴ ማን ይሥለው?



ከባሕር ዳር ተነስቶ መራዊንና ወተት ዓባይን አልፎ ወደ ዳንግላ የሚሄድ መንገደኛ ከተማችንን ዱርቤቴን ያገኛታል። ስሟን ለያይቶ ላነበበው «ዱር ቤቴ» ማለት ነው። (ሸፍቶ የገባ ሰው ያወጣላት ይመስላል እያሉ የሚቀልዱም አሉ።) ዛሬ ግን ዙሪያዋ በቆሎ፣ ዳጉሳና ባሕር ዛፍ ነው።

በሰፈራችን ኖራ የተቀባ አንድ ረዥም ግድግዳ አለ። ልጆቻችን የአገራቸውን ዱር ይሣሉበት ተባለና ወላጆች ተሰበሰብን። መጀመሪያ የተነሳው ጥያቄ የእንስሳ ሥዕል ጉዳይ ነበር። ሕይወት ያለውን ፍጡር መሣል፣ ይልቁንም ሐውልት ማቆም፣ ዑለሞቻችን አጥብቀው የተናገሩበት ነገር መሆኑ ይታወቃል። ዛፍ፣ ቅጠልና ወንዝ ግን ክፍት ነው። ይህም ጠባብ በር አይደለም፤ ኸሊፋ አል-ወሊድ ኢብን ዐብዱል መሊክ በደማስቆ ያሠራው ታላቁ መስጊድ እ.ኤ.አ. በ715 ገደማ ሲጠናቀቅ ግድግዳው በደቃቅ ባለቀለም ጠጠር በተገጣጠሙ ትላልቅ ዛፎች፣ ወንዝና ቤቶች ተሸፍኖ ነበር። ሰውም እንስሳም የለበትም፤ ሆኖም እስካሁን ተመልካች ያስቆማል።

አንዱ አባት «አዲስ አበባ አንበሳ አቁማ የለም ወይ?» አሉ። እውነት ነው። ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ የሠራው የድንጋይ አንበሳ እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ ከብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ቆሟል። ሕያዋኑስ? እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነ የዘር ምርመራ በስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ከነበሩት 15ቱን መርምሮ ከሌሎች አንበሶች የተለየ ዘር እንዳላቸው አሳየ። በግቢው የነበሩት ግን በጠቅላላው 20 ያህል ብቻ ነበሩ። የድንጋዩን አንበሳ በየዕለቱ የሚያየው ሕዝብ ስለ እነዚህ ምን ያህል ሰምቶ ይሆን? ምስሉ የሕያዉን ቦታ ከያዘ፣ በእኛ አስተያየት፣ ጥበቡ ሥራውን አልሠራም።

እኛን ያስደነገጠን ግን ሌላ ነው። ልጆቹ መለማመጃ ወረቀት ተሰጥቷቸው «ዛፍ ሣሉ» ሲባሉ ሁሉም ማለት ይቻላል ቀጥ ያለ ባሕር ዛፍ ሣሉ! ከባሕር ማዶ መምጣቱ በስሙ ላይ የተጻፈ፣ አገሩ አውስትራልያ የሆነ ዛፍ። ዋንዛን በበር፣ በሣጥንና በጣውላ እንጂ በቅጠሉ አያውቁትም።

ስለዚህ ይዘናቸው ወጣን። አሮጌ አገር በቀል ዛፍ በአካባቢያችን የቀረው በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጥርና በመቃብር ቦታ ነውና ወደ መቃብራችን ሄድን። እዚያ የብሳና ቅጠል እንደ ልብ ቅርጽ ያለው መሆኑን፣ ሊረግፍ ሲል ወደ ብርቱካንማ ቀይ መለወጡን አዩ። የዋንዛ ፍሬ ቀምሰው ጣታቸው ተጣበቀ፤ ሳቁ።

አሁን ብሳናው በግድግዳው ላይ ተሥሏል። የዋንዛው አበባ ግን ነጭ ነው፤ ኖራውም ነጭ። ልጆቹ ከጀርባው የሚቀቡት አረንጓዴ ቀለም እንድንገዛላቸው እየጠየቁ ነው፤ ለዚሁ መዋጮ ጀምረናል።