የቀይ ቀበሮዋ ውል

ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም፣ ሮቤ
የእህቴ ልጅ ከመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ ከተመረቀ ወዲህ እንጀራው ሥዕል ሆኗል። አዲስ አበባ ያለ አንድ ቡድን ለሚሠራው የሞባይል ጌም ገጸ ባሕርያት ይስላል። ዛሬ ማታ ጋቢውን ተከናንቦ ቀይ ቀበሮ ሲያስሮጥ አመሸ። ስምንት ሥዕሎች ሲደጋገሙ ቀበሮዋ ትሮጣለች። «አክስቴ፣ ፍልፈል ስታድን እኮ እንዲህ አትሮጥም፤ ሆዷን መሬት አስነክታ ነው የምትጠጋው» አለና አራቱን ሰርዞ እንደገና ጀመረ። እዚሁ ባሌ፣ ሳነቴ አምባ ላይ በዓይኑ አይቷታል።

ኅዳር 8
ሥራዬ የሰው ሀብት አስተዳደር ነው፤ ማስታወቂያ መለጠፍና ማኅደር መያዝ ለምጃለሁ። የቀበሮዋ አካሄድ ግን የትኛውም የትምህርት ማስረጃ ላይ አይገኝም። ለጌም ፕሮግራመር፣ ሠዓሊ፣ የድምፅ ባለሙያና ሞካሪ የሚቀጥር ሰው ከዲግሪው በፊት የሠሩትን ማየት አለበት። አጭር የሙከራ ሥራ ከሰጠም ይክፈልበት።

ኅዳር 15፣ ጎባ
ዘመድ ጥየቃ አብረን ወጣን። መንገድ ላይ ውሉን እንዲያሳየኝ ብጠይቀው ስልኩን አውጥቶ አንድ የቴሌግራም መልእክት አሳየኝ፦ «ሥራው ሲያልቅ ይከፈልሃል።» መቼ እንደሚያልቅ፣ ስንት ጊዜ እንደሚታረም፣ ስሙ ጌሙ ላይ ይውጣ አይውጣ የተባለ ነገር የለም።
ተቀጣሪ ቢሆን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አለለት፦ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት፤ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 አይበልጥም፤ የሌሊቱ ትርፍ ሰዓት በ1.75 ተባዝቶ ይከፈላል። በራሱ ኃላፊነት ሥራ የሚረከብ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አይመለከተውም። በቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 ደግሞ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ተከፍሎበት የታዘዘ ሥራ ባለመብቱ አዛዡ ነው። ስለዚህ መከታው ወረቀቱ ብቻ ነው።

ኅዳር 23፣ ሮቤ
አጨዳ ደርሷል። ዝናብ ሳይቀድመን እየተባለ የኮምባይነር ኦፕሬተር እንቅልፍ ያጣል። ጌም ሠሪዎችም ማስረከቢያ ሲደርስ እንደዚያው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 የአሜሪካው የጌም ኩባንያ የኤሌክትሮኒክ አርትስ የአንድ ሠራተኛ እጮኛ ስሟን ሳትገልጽ የእጮኛዋን ማለቂያ የሌለው የሥራ ሰዓት ጽፋ አወጣች። ኩባንያው ባልተከፈለ ትርፍ ሰዓት ተከሶ ለሠዓሊዎቹ 15.6 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ዝናብ የሰማይ ነው፤ የጌም ማስረከቢያን ቀን የሚቆርጠው ግን ሰው ነው። ቀኑ ከመቆረጡ በፊት «ስንት ሰው አለን? ስንት ሰዓት ይሠራል?» ብሎ መጠየቅ የሰው ሀብት ባለሙያው ድርሻ ነው። ከዚያ በኋላ ቢጠራ የሚሠራው መልቀቂያ መጻፍ ነው።

ታኅሣሥ 3
እ.ኤ.አ. በ2018 የአገራችን ጌም ሠሪ ቅኔ ጌምስ ከገበሬ የምታመልጠውን ዶሮ፣ «ኩኩሉ»ን፣ ካወጣ ወዲህ ጌም አገር ውስጥም እንደሚሠራ ያላወቀ ወጣት ጥቂት ነው። ትንሽ ቡድን የሰው ሀብት ክፍል ባይኖረው አይፈረድበትም፤ ሥራውን የሚይዝ አንድ ሰው ግን አያጣም።
ማታ ተቀምጠን ሁለት ገጽ ውል ጻፍን፦ የሥራው ዝርዝር፣ ክፍያው በሦስት ዙር፣ እርማት ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ በላይ ተጨማሪ ክፍያ፣ ስሙ በሠሪዎች ዝርዝር ውስጥ።

ታኅሣሥ 9
ለቡድኑ ለላክነው ውል መልስ መጣ። እርማቱን ሦስት አድርገው ሌላውን ተቀበሉ፤ ፈረሙም። ለካ የጎደለው ጠያቂ ነበር። ከባሌም ሆነ ከሌላ ቦታ በርቀት የምትሠሩ ልጆች፣ የመጀመሪያውን ሥዕል ከመላካችሁ በፊት ውሉን አስፈርሙ።