በጣራ ገዳም አቀበት

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ የጉማራን ወንዝ ተሻግሮ ወረታ ሲደርስ፥ ዙሪያው ሁሉ ሜዳ ነው። ይህ የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ ዳር ይነሣል፤ በክረምት ውሃ ይተኛበታል። ስሙን የተሸከመው የፎገራ ከብት ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ዛሬ ደግሞ ሜዳውን የሩዝ እርሻ ለብሶታል። ርብን አልፈው ወደ አዲስ ዘመን ሲቃረቡ ግን ምድሩ ቀና ይላል፤ ጣራ ገዳምም በደን ተከናንቦ ይታያል።

እኛም ባለፈው ጥቅምት ከአንድ የቆየ ጓደኛችን ጋር ወደዚያ ወጥተን ነበር። ከአሥራ አምስት ዓመት ወዲህ አብረን የወጣነው የመጀመሪያ ተራራ እርሱ ነው፤ ምክንያቱንም ሳንደብቅ እንናገራለን።

በወጣትነታችን በሁለታችንም ላይ በገመድ ገደል የመውጣት ፍቅር አድሮብን ነበር። ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ወደ ደብረ ዳሞ የሚሄዱ ወንዶች አሥራ አምስት ሜትር ያህል የሚሆነውን ገደል በጠፍር እየተሳቡ ይወጣሉ። በገርዓልታ ወደ አቡነ የማታ ጎሕ የሚወጣ ምእመንም ጫማውን አውልቆ በቋጥኙ ላይ የእጁንና የእግሩን መያዣ እየፈለገ ይወጣል። የውጭ አገር ሰዎችም ተራሮቻችንን ከጐበኙ ቆይተዋል፤ ፌሬና ጋሊኒዬ የተባሉ ፈረንሳውያን በ1841 እ.ኤ.አ. ራስ ዳሸንን ወጥተዋል። አሜሪካዊቱ ማይካ በርሃርትም በትግራይ ዓለቶች ላይ ከጓደኞቿ ጋር ከወጣች በኋላ በ2008 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትማለች። ከአዲስ ዘመን ወዲያ በጎንደር መንገድ አጠገብ ብቻውን የቆመ የድንጋይ ዓምድ አለ፤ በእሳተ ገሞራ ጕሮሮ ውስጥ የረጋው ቅላጭ ጠንክሮ ሲቀር፥ ዙሪያው በዝናብ ታጥቦ የሄደበት ነው። እርሱን ስንት ጊዜ በዓይናችን ወጥተነዋል!

ዳሩ ግን ችሎታችን ከችኮላችን ያነሰ ነበር። አንድ ቀን ሲመሽ፥ ዝናብም ሲያስፈራራ፥ ጓደኛችን ከአንድ ገደል የሚወርድበትን ገመድ የቋጠርነው እኛ ነበርን። ቋጠሮውን ደግመን አልመረመርነውም። መሬት ሊደርስ ሁለት የሰው ቁመት ያህል ሲቀረው ተፈታ፤ እግሩም ተሰበረ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን ቃል ያን ቀን ተማርነው። እርሱ አልወቀሰንም፤ እኛ ግን ፊቱን እየሸሸን ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ፥ «ጣራ ገዳምን እንሳለም፤ እያዘገምን እንወጣለን» ሲል ላከብን።

ይህ አቀበት ትንፋሽ እንጂ ገመድ አይጠይቅም። የጣና ሐይቅ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ሲሆን፥ የገዳሙ ደን ከ2,100 ሜትር በላይ ነው። በዙሪያው ያለው ምድር ታርሶ ሲራቆት፥ ወይራው፥ ብሳናውና አጋሙ በገዳሙ ጥላ ሥር ተርፈዋል። ጓደኛችን በምርኩዝ ከፊት ሄደ፤ እኛ ከኋላ ተከተልን። እርሱ ባረፈ ቍጥር እኛም ቆምን። ድሮ ቢሆን ኖሮ ጥለነው በሮጥን ነበር።

ተሳልመን ከወይራ ጥላ ሥር ከተቀመጥን በኋላ፥ ስለዚያ ቋጠሮ ይቅርታ ጠየቅነው። ጥቂት ዝም አለና፥ «የቋጠርኸው አንተ ነህ፤ ‹ዝናቡ መጣ፥ ቶሎ በል› እያልሁ ያቻኰልሁህ ግን እኔ ነኝ። ይህን ሳልነግርህ መቅረቴ ከእግሬ ይልቅ ሲያመኝ ኖሯል» አለን። ሁለታችንም አንዱን ሸክም ለየብቻ ተሸክመነው ኖረናል።

ስንወርድ ቍልቍለቱ ለእግሩ ከበደው፤ እጁንም በትከሻችን ላይ አሳረፈ። ገደል የሚወጡ ሰዎች ከመነሣታቸው በፊት አንዱ የሌላውን ቋጠሮ ይመረምራል፤ ጫፍ መድረስንም የመንገዱ እኩሌታ አድርገው ይቈጥሩታል። ይህ ሥርዓት በየቤታችንም ቢኖር መልካም ነበር። ባልና ሚስት፥ ወንድምና እኅት ሳይነጋገሩ ያቈዩትን ቋጠሮ ሳይመሽ ቢመረምሩት፥ እኛ በዝምታ ያሳለፍናቸውን አሥራ አምስት ዓመታት ያተርፋሉ።

ወደ ሜዳው ስንመለስ ፀሐይ በጣና በኩል ልትጠልቅ ተቃርባ ነበር። ማናችንም አልቸኰልንም።