ውሃ የሌለበት የእሳት መከላከያ ቧንቧ

ብርድ በሚበረታባቸው የአሜሪካ ከተሞች፥ ጎኑ ለነፋስ ክፍት በሆነ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ ገብቶ ቀና ብሎ ያየ ሰው በጣራው ሥር ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ የብረት ቧንቧ ይመለከታል። ቧንቧው በየጥቂት ርምጃው ትንንሽ የውሃ መርጫዎች ተተክለውበታል። እሳት ቢነሣ ውሃ የሚወርደው ከነዚህ ነው። ነገር ግን ቧንቧው በውሃ የተሞላ አይደለም። ታዲያ ምን ተሞላበት? መኪናውን አቁሞ ወደ ቢሮው የሚሮጥ ሰው ይህን አይጠይቅም፤ እንዲጠይቅም አይገደድም። በዋሽንግተን አካባቢ በሕንፃ ጥገና ለምንተዳደር ሰዎች ግን ጥያቄው የዕለት ሥራችን ስለ ሆነ፥ ለአንባቢዎቼ ጥቂት ላጫውት አሰብሁ።

ሙቀት ሲደርስበት በራሱ የሚከፈት የውሃ መርጫ አዲስ ነገር አይደለም። በኒው ሄቨን ከተማ ፒያኖ ሠሪ የነበረው ሄንሪ ፓርምሊ ፋብሪካውን ከእሳት ለመጠበቅ በ1874 እ.ኤ.አ. የሠራው መሣሪያ ከዛሬዎቹ አባቶች አንዱ ነው። ሙቀት በማይለየው ክፍል ውስጥ ቧንቧው ዘወትር ውሃ እንደ ሞላ ይቀመጣል። ብርድ በሚገባበት ስፍራ ግን ይህ አይሆንም፤ ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ ከመቶ 9 እጅ ያህል ስለሚጨምር ብረቱን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ውሃው በሞቀ ክፍል ውስጥ በቫልቭ ይታገዳል፤ ከቫልቩ ወዲያ ያለው ቧንቧ ደግሞ የታመቀ አየር ይሞላበታል። ክዳኑን ተጭኖ ውሃውን የሚያግደው የአየሩ ግፊት ነው። እሳት ሲነሣ በመርጫው አፍ ላይ ያለችው ትንሽ ብርጭቆ፥ ብዙውን ጊዜ በ68 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፥ ትፈነዳለች፤ አየሩ ይወጣል፤ ግፊቱ ይወድቃል፤ ክዳኑ ይከፈታል፤ ውሃውም ይደርሳል።

ዘዴው ብልሃት ያለበት ነው፤ ነገር ግን ጠላቱን በሆዱ ይዞ ይኖራል። ቧንቧው በሚፈተሽበት ጊዜ የገባው ውሃ ምንም ቢንጠፈጠፍ ፈጽሞ አያልቅም፤ ዝቅ ባለው ስፍራ ተኝቶ ይቀራል። ብረት፥ ውሃና ኦክስጅን በአንድነት ከተገናኙ ደግሞ ዝገት ይወለዳል። ከአየር ውስጥ ከመቶ 21 እጁ ኦክስጅን ነው። ቧንቧው በትንሽ ቀዳዳ ባፈሰሰ ቁጥር ኮምፕሬሰሩ ተነሥቶ ይሞላዋል፤ በሞላው ቁጥርም ለዝገቱ አዲስ ቀለብ ያቀርብለታል። ዚንክ የተለበጠው ቧንቧ እንኳ ውሃ በተኛበት ስፍራ ነጥብ ነጥብ እየሆነ ይበሳል። የዝገቱ ቅርፊት በእሳት ቀን ከውሃው ጋር ተጠርጎ የመርጫውን አፍ ሊደፍን ይችላል። ያን ጊዜ ቧንቧው የጣራ ጌጥ ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

ለዚህ የተገኘው መድኃኒት አየሩን በናይትሮጅን መተካት ነው። ናይትሮጅን ከሩቅ አገር የሚመጣ ነገር አይደለም፤ ከምንተነፍሰው አየር ከመቶ 78 እጁ እርሱ ነው። የናይትሮጅን ማመንጫ የሚባለው መሣሪያም ናይትሮጅንን አይፈጥርም፤ ከአየር ውስጥ ይለየዋል እንጂ። የታመቀው አየር በመጀመሪያ ከአቧራ፥ ከዘይትና ከውሃ ይጣራል። ከዚያ በኋላ እንደ ፀጉር የቀጠኑ፥ ውስጣቸው ክፍት የሆኑ ብዙ ክሮች በታሰሩበት ቱቦ ውስጥ ያልፋል። ኦክስጅኑና እንፋሎቱ በክሮቹ ግድግዳ ፈጥነው ሾልከው ይወጣሉ፤ ናይትሮጅኑ እስከ ጫፍ ይዘልቃል። በሌላው ዓይነት መሣሪያ ደግሞ ኦክስጅኑን የሚያስቀረው ከከሰል የተሠራ ወንፊት ነው።

አዲስ የተቀጠረ አንድ የአገሬ ልጅ ይህን ሳሳየው፥ «ጋሼ፥ እንግዲህ እሳቱን የሚያጠፋው ይኸ ጋዝ ነዋ!» አለኝ።

«አይደለም ልጄ፤ እሳቱን የሚያጠፋው ውሃው ነው። ይኸ የሚጠብቀው የውሃውን መንገድ ነው» አልሁት።

«የግፊት መለኪያው ደኅና ካሳየ ታዲያ ምን ቀረን?» ሲል ጠየቀኝ።

የልጁ ጥያቄ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። መለኪያው ስንት እንደ ታመቀ ይናገራል፤ ምን እንደ ታመቀ ግን አይናገርም። ማመንጫው ናይትሮጅን የሚሰጠው በዝግታ ነው። ባዶውን ቧንቧ ግን በ30 ደቂቃ ውስጥ ወደ ግፊቱ መመለስ ስለሚያስፈልግ፥ በመጀመሪያ ማመንጫውን በሚያልፍ ሌላ መንገድ ተራ አየር ይሞላበታል። ከዚያ የማለፊያው ቫልቭ ይዘጋና ናይትሮጅኑ በቀስታ ይገባል፤ በተዘጋጀለት መተንፈሻም የተቀላቀለው አየር ጥቂት በጥቂት ይወጣል። ከመቶ 98 እጅ ናይትሮጅን እስኪደርስ ሁለት ሳምንት ያህል ሊፈጅ ይችላል።

ተዛውሬ በገባሁበት አንድ ሕንፃ ውስጥ በኮንትራት የመጡ ጠጋኞች ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ ይህን የማለፊያ ቫልቭ ሳይዘጉት ቀርተው ነበር። የግፊቱ መርፌ በቦታው ቆሟል፤ መብራቱ አረንጓዴ ነው፤ መዝገቡም በየወሩ «ደኅና» ይላል። በጋዝ መመርመሪያ ብለካው ግን ኦክስጅኑ ከመቶ 21 እጅ ሆኖ አገኘሁት፤ ከደጁ አየር ምንም አይለይም። ማመንጫው የሠራበትን ሰዓት የሚቆጥረው ቁጥርም ከወራት በፊት ከተጻፈው አልተንቀሳቀሰም። ጉዳዩን ለሕንፃው ኃላፊ ብነግራቸው፥ «ግፊቱ ሙሉ ከሆነ ለምን ወጪ እናወጣለን?» አሉኝ። እኔም ከተለወጠ አሮጌ ቧንቧ የተቆረጠ አንድ ክንድ ብረት አምጥቼ በጠረጴዛቸው ላይ አኖርሁ። ከውጭ ቀለሙ ያምራል፤ ከውስጥ ዝገቱ ተቆልሏል፤ ወደ መስኮቱ ሲያነሡት በአንድ ጎኑ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ብርሃን ታየቻቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና የወጪውን ወረቀት ፈረሙ።

የጠባቂው ሥራ ከባድ አይደለም፤ የሚያስቸግረው መደጋገሙ ነው። ግፊቱንና የሰዓት ቆጣሪውን አንብቦ መጻፍ፤ በማጣሪያው ሥር የተጠራቀመውን ውሃ ማፍሰስ፤ ማጣሪያውን ሠሪው ባዘዘው ጊዜ መለወጥ፤ የጋዙን ንጽሕና በመመርመሪያ መለካት፤ ብርድ ሳይገባ ዝቅ ባለው ስፍራ የተኛውን ውሃ ማውጣት ያስፈልጋል። ኮምፕሬሰሩ ከልማዱ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ከተነሣ ቧንቧው ያፈስሳል ማለት ነውና፥ መጋጠሚያውን የሳሙና አረፋ እየቀቡ መፈለግ ይገባል። በአሜሪካ ደንብ መሠረት በየሦስት ዓመቱ በሚደረገው ፈተና ግፊቱ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከ3 ፓውንድ በካሬ ኢንች በላይ ከወረደ ጥገና ያስፈልገዋል። ቫልቩ በእርግጥ መከፈቱም በየዓመቱ ይፈተናል። ከዚህ ፈተና በኋላ ቧንቧው አዲስ ውሃና አዲስ አየር ስለሚያገኝ፥ ውሃውን ማንጠፍጠፍና ናይትሮጅኑን እንደገና መሙላት ግዴታ ነው።

ጠባቂው ስለ ራሱም ይጠንቀቅ። ናይትሮጅንን በ1772 እ.ኤ.አ. ለይቶ ያሳወቀው ስኮትላንዳዊው ዳንኤል ራዘርፎርድ በዚያ ጋዝ ውስጥ ሻማ እንደማይነድ፥ አይጥም በሕይወት እንደማትቆይ ተመልክቷል። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም። በጠባብና በተዘጋ ክፍል ውስጥ ቢፈስስ ሰው ሳያውቀው ራሱን ሊስት ይችላል። ኦክስጅኑ ከመቶ 19 ነጥብ 5 እጅ በታች የወረደበት ክፍል በአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ አደገኛ ሆኖ ይቆጠራል። ስለዚህ ክፍሉ ነፋስ የሚያገኝ መሆን አለበት፤ የኦክስጅን ማስጠንቀቂያ ቢተከልበትም መልካም ነው።

አንባቢዎቼ ተማሪዎችና የቢሮ ሠራተኞች ስለ ሆናችሁ ይህን መሣሪያ በዕድሜአችሁ አታዩት ይሆናል። መዝገብ ግን ሁላችሁም ትይዛላችሁ። በዚያ ሕንፃ መዝገብ ላይ ለወራት «ደኅና» ብሎ የጻፈው ሰው ውሸት መጻፉ አልነበረም፤ መርፌውን አይቷል። ያላደረገው ነገር ቢኖር መርፌው ስለ ምን እንደሚናገር መጠየቅ ብቻ ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ገና ጭሱ ሳይታይ ለሚሠራ እንዲህ ላለው ሥራ ይመስለኛል። ያ ወጣት የአገሬ ልጅ አሁን በየወሩ መመርመሪያውን ይዞ ብቻውን ይወጣል፤ በመዝገቡም ላይ «ደኅና» በማለት ፈንታ ያነበበውን ቁጥር ይጽፋል።