ጃንጥላ የያዘው ሰውዬ ማነው?

ግጥም ትጽፋላችሁ? አትሽኮርመሙ፤ ትጽፋላችሁ! በዚህ ከተማ ሃያ ዓመት ሞልቶት በደብተር ጀርባ ወይም በስልኩ ውስጥ አራት ስንኝ ያልደበቀ ወጣት ካለ ይምጣና ማኪያቶ እጋብዘዋለሁ። ልዩነቱ አንዳንዱ እንደደበቀው ይኖራል፣ አንዳንዱ ደግሞ አላስችል ይለውና ለሰው ያሳያል። ዛሬ የማወራችሁ አላስችል ስላላቸው ነው። ማለትም ስለ እኔና ስለ ጓደኞቼ።

ድሮ ግጥምን ለሰው ማድረስ ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር። ትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ላይ በእረፍት ሰዓት ይነበብልሃል፤ ግማሹ ተማሪ ዳቦ እየገመጠ፣ ግማሹ ኳስ እያሯሯጠ ስለሆነ የሚሰማህ ማይክራፎኑን የያዘው ልጅ ብቻ ነው። ወይ ደግሞ ለጋዜጣ ትልክና «በዚህ ሳምንት ይወጣል፣ በሚቀጥለው ይወጣል» ስትል ትከርማለህ። አሁን ቴሌግራም አለ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ጽፈህ ጨርሰህ ትለጥፈዋለህ፤ ገና ደቂቃ ሳይሞላ ሦስት ልብ፣ ሁለት እሳት፣ አንድ ጭብጨባ ይመጣልሃል። ግጥምህ 24 ስንኝ ነው እኮ! ሰዎቹ መቼ አንብበውት? የኔ ጌታ፣ አላነበቡትም። ልብ ግን ሰጥተውሃል።

እኔ ያለሁበት የግጥም ቡድን 60 ሰው አይሞላም። ተማሪ አለ፣ ነርስ አለች፣ የሚኒባስ ረዳት አለ (በነገራችን ላይ በቤት መምቻ የሚደርስበት የለም፤ ቀኑን ሙሉ ሰፈር በዜማ ሲጠራ የዋለ አፍ ምን ይሳነዋል?)። ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራ እህታችንም አለች። እሷ አትጽፍም፤ በድምፅ ነው የምትልከው። ሥራዋን የምትጨርሰው እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ስለሆነ፣ የቤቱ ሰዎች እንዳይነቁባት በሹክሹክታ ነው የምታነበው። ግጥሟን ለመስማት ስልኩን ጆሮህ ላይ መለጠፍ አለብህ።

ታዲያ በዚህ ቡድን ውስጥ ልብ ማለት የእድር መዋጮ ነው። የከፈለ ይደረስለታል። ያልከፈለ ደግሞ በራሱ ቀን ድንኳኑ ባዶ ይሆናል። «እንትና እኮ የኔን አይቶ ዝም ብሎ አለፈ፣ እኔም የሱን አላይም» የሚል ኩርፊያ በየሳምንቱ አለ። እና ሁሉም ለሁሉም ልብ ይሰጣል። ለእናት ግጥም ልብ፣ ለአገር ግጥም ልብ፣ ለለቅሶ ግጥም ልብ። አንድ ልጅ አያቱ ሞተው በጻፈው ግጥም ላይ እሳት ያደረገ ሰው አይቻለሁ። ምን ለማለት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

አባቶቻችን እንዲህ አልነበሩም። በቅኔ ቤት ተማሪው ቀን ጥጉን ይዞ ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ ማታ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ያደምጣሉ፤ የተሰበረውን ያቃናሉ፣ ያልሆነውን ይነቅፋሉ። «ይበል!» የሚባለው ሲገባው ነው። እኔ ቅኔ ቤት አልገባሁም፣ ጀማሪ ገጣሚም እንደ ቆሎ ተማሪ ይንገላታ አልልም። ግን ሳይሰሙ «ይበል» ማለት የለም ነበር።

እኛን ያነቃን፣ ይገርማችኋል፣ የኔትወርክ መዘጋት ነው። በየካቲት 2015 ዓ.ም ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ መዘጋታቸውን ታስታውሳላችሁ፤ አምስት ወር ያህል ቆየ። ቪፒኤን ያለው ይገባል፣ የሌለው ቀረ። ያኔ ነው አንዱ «ለምን በአካል አንገናኝም?» ያለው። አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ጀበና ቡና ዱካ ላይ ሰባት ሆነን ተሰበሰብን። ወይ ጉድ! በስልክ አንበሳ የነበረው ሁሉ ወረቀቱ በእጁ ላይ ይንቀጠቀጣል። አንብበህ ስትጨርስ ልብ የለ፣ እሳት የለ። ዝምታ ብቻ። ከዚያ አንዷ «ሦስተኛው ስንኝ ላይ ያልከውን እስቲ ድገመው» ትላለች። ትደግመዋለህ። ስትደግመው ራስህ እዚያ ቦታ ላይ ውሸት እንደተናገርክ ይሰማሃል። ማንም ምንም ሳይልህ!

አንድ ቀን እንዲያውም ቤት የማይመታ ግጥም ይዞ የመጣ ልጅ ተነስቶበት ቡናው እስኪቀዘቅዝ ተጨቃጨቅን። ሰሎሞን ደሬሳ «ልጅነት»ን በ1963 ዓ.ም ሲያሳትም የተነሳው ክርክር ዛሬም አላለቀም ማለት ነው። ጸቡ ደስ ይል ነበር። ቢያንስ ሰው አንብቦ ነው የሚጣላው።

ቴሌግራም ሲከፈት ወደ ስልካችን ተመለስን፣ በወር አንድ ቀን መገናኘቱ ግን ቀጠለ። አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ ምክንያቱም የልብ ነገር በቀልድ ብቻ የሚታለፍ እንዳልሆነ ያየሁት ባለፈው ክረምት ነው።

ከቡድናችን አባላት አንዷ፣ ስሟን ተዉት፣ ጥሩ ትጽፋለች። እጮኛ አላት። በሐምሌ አንድ ምሽት እንዲህ ብላ ለጠፈች፦

ጃንጥላህን አጥፈህ ከጎኔ ስትራመድ፣
ዝናቡ ሆነብኝ የኛ ብቻ መንገድ።

ሁለት ስንኝ። የሚኒባሱ ረዳት ወዲያው «የወል ቤት፣ ስድስት ስድስት ቀለም፣ ጥርት ያለ!» አለ። ልቡ ዘነበ። አንዱ ልጅ ደግሞ ሞቅ አለውና በጃንጥላው ባለቤት አፍ መልስ ጻፈ፦

ያጠፍኩት ለምን ነው ብለሽ አትጠይቂ፣
ነገም ዝናብ አለ እዚያው ጠብቂ።

ይኼኛው ከዋናው የበለጠ ልብ አገኘ። እሷም ልብ አደረገችለት። በማግስቱ እጮኛዋ ስልኳን ሲያይ… የቀረውን ራሳችሁ ሙሉት።

ሦስት ቀን ቆይቶ ለኔ ደወለ። የቡድኑ አድሚን ነህ ብለውት ነው። ትሁት ልጅ ነው፣ ድምፁ ግን ይቆራረጣል። «ወንድሜ፣ እኔ ግጥም አልችልም። ሂሳብ ነው የምሠራው። ግን ጃንጥላ የለኝም። ኖሮኝም አያውቅም። ይሄ ጃንጥላ የያዘው ሰውዬ ማነው?»

ሳቄን ዋጥኩት፤ የሚያስቅ ነገር አልነበረም። ሠርጉ ለጥር ታስቦ፣ ሽማግሌ ተልኮ፣ አዳራሽ እየተፈለገ ነው።

ልጅቷን ጠየቅኳት። እያለቀሰች ነገረችኝ። ስድስት ኪሎ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ ሁለት አዛውንቶች አይታለች፤ ባልና ሚስት። ሰውዬው አንዲት ትንሽ ጥቁር ጃንጥላ ይዘዋል። ለሁለት አትበቃም። ሚስቲቱን ሊያስጠልሉ ይሞክራሉ፣ እሳቸው ደግሞ «አንተ ጉንፋን አለብህ» እያሉ ይገፏቸዋል። በመጨረሻ ሰውዬው ጃንጥላውን አጠፉና በብብታቸው ያዙት። ሁለቱም እየራሱ፣ እየሳቁ ሄዱ። በቃ። ይኼው ነው ሰውዬው!

ለእጮኛዋ ስነግረው መልሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ታዲያ ለምን ‹ከጎኔ› አለች? ‹ከጎናቸው› አትልም?»

እዚህ ላይ፣ ውድ አንባቢዎቼ፣ የሴት ልጅ ግጥም ያለበት ሁሉ ይስማኝ። ወንድ «ሞትኩልሽ» ብሎ ሲጽፍ «ጥሩ ገጣሚ» እንለዋለን። ሴት «ናፈቅከኝ» ብላ ስትጽፍ «ማንን?» ብለን ምርመራ እንከፍታለን። ለምን? አስለቃሽ ለቅሶ ቤት ቆማ «ወንድሜ፣ ጋሻዬ» ስትል ስንት ወንድም እንዳላት የሚቆጥር አለ? አዝማሪው «ጥላኝ ሄደች» ብሎ ማሲንቆውን ሲገዘግዝ ሚስቱ ጓዳ ውስጥ ጠላ እየቀዳች ሊሆን ይችላል። «ተቀበል!» ብለህ የሰጠኸውን ስንኝ ደግሞ «እኔ» እያለ ይዘፍንልሃል፤ ያንተን እኔ ነው፣ የሱን አይደለም። ይህ ሕዝብ የሰው «እኔ» ተውሶ ማልቀስና መዝፈን ያውቅበታል። ስልክ ላይ ሲሆን ነው የጠፋን።

ይህን ሁሉ ለልጁ አልኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «እሺ፣ ግጥሙን ልቀበል። ልቡንስ?» አለ።

እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ አፌ ተያዘ። ልጁ ነጥብ አለው። «ነገም ዝናብ አለ እዚያው ጠብቂ» ለሚል ወንድ ልብ የሰጠች ሴት፣ ከውጪ ሆኖ ለሚያይ ሰው ቀጠሮ የተቀበለች ነው የምትመስለው። እሷን ብትጠይቋት «ካልሰጠሁ ኮራች ይሉኛል፤ የሱን ካላየሁ የኔንም አያዩትም» ነው መልሷ። ያ የእድር መዋጮ! ልባችንን እንደ ሳንቲም ስለበተንነው የቱ የሰላምታ፣ የቱ የአድናቆት፣ የቱ የፍቅር እንደሆነ መለየት አይቻልም። እኛ እንለያለን ብለን ነው፤ እጮኛ ግን በምን ይወቀው?

አሁን ደግሞ የሪያዷን እህት መልስ ስሙ። ግጥሙ በተለጠፈ በሁለተኛው ሌሊት በሹክሹክታ እንዲህ አለች፦ «እህቴ፣ እኔ ዝናብ ካየሁ ቆየሁ። እና አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ካፊያ ነው ዶፍ? ካፊያ ከሆነ ጃንጥላውን ማጠፉ ቀላል ነው፤ እኔም አጥፍልሻለሁ። ዶፍ ከሆነ ግን ይሄ ሰውዬ ይወድሻል።» ልብ የላትም፣ እሳት የላትም። በግጥሙ ላይ ከተባለው ሁሉ ግን ይኼ ይበልጣል። ማንንም አላስቀናም፣ ማንንም አላጣላም፣ ጸሐፊዋን ግን እንቅልፍ ነሳት።

ልጅቷ «ልተወው ወይ?» ብላ ስትጠይቀኝ ያልኳትን ለእናንተም ልበላችሁ። ግጥምሽን ስለ ማን እንደሆነ ለእያንዳንዱ ሰው አታስረጂ፤ አንዴ ከጀመርሽ በየስንኙ ቃልሽን ልትሰጪ ነው። ግን ከምታገቢው ሰው ጋር ከሆነ ጃንጥላውን ከየት እንዳመጣሽው ቁጭ ብለሽ አጫውቺው፤ ያን አዛውንት እሱም ይወዳቸዋል። ለማያስደንቅሽ ነገር ልብ አትስጪ። ኮራች ካሉሽ ይበሉ! አንድ ቃል ጽፈሽ «ይህቺ ቦታ ገባችኝ» ማለት ከመቶ ልብ ይሻላል። ወንዶች ወንድሞቼ ደግሞ፣ ለግጥሙ መልሱለት፣ ለልጅቷ አይደለም። መልስ ግጥም ድሮም ያለ ጨዋታ ነው፣ ያምራልም። ጨዋታው ግን አደባባይ ላይ ነው የሚያልቀው፤ ከግጥሙ ሥር ተነስታችሁ በኢንቦክስ «ቆንጆ፣ የት ሰፈር ነሽ?» ካላችሁ ገጣሚ አይደላችሁም፣ ለካፊ ናችሁ።

በመስከረም ስብሰባችን ላይ እጮኛዋን ይዛው መጣች። ጥግ ላይ ተቀመጠ፤ ዓይኑ ወንድ ወንዱን ይፈትሻል። «ነገም ዝናብ አለ» ባዩ የቱ እንደሆነ ጠየቀኝ። አሳየሁት። 12ኛ ክፍል የሚማር፣ ዩኒፎርሙን ያላወለቀ፣ ንባቡ ሳይደርሰው ገና ላብ ያጠመቀው ልጅ ነው። ሰውዬው ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ለቡና አፍይዋ «ለዛ ልጅ ውሃ ስጪልኝ» አለ።

የልቡ ነገር በመካከላቸው ዛሬም አልተዘጋም። እሱ «ለወንድ ልብ አታድርጊ» ይላል፣ እሷ «ለጥሩ ግጥም አደርጋለሁ» ትላለች። ራሳቸው ይወጡት።

ያን ቀን ተራዋ ሲደርስ ያቺኑ ሁለት ስንኝ አነበበች። ዶፍ እንደነበረ ተናገረች። ግን «ዝናቡ» የሚለውን አውጥታ «ዶፉ» ብትል አንድ ቀለም ይጎድልባታል፤ «ዶፉ ሆነብኝ» አምስት ነው። ሁላችንም በጣታችን መቁጠር ጀመርን። «ያ ዶፍ» ያለ አለ፣ እሱም አምስት ነው። የሚኒባሱ ረዳት ሳይቀር ተሸነፈ። ቡናው ቶና ደርሶ፣ ሰዉ ወሬ ከጀመረ በኋላ፣ ከጥግ በኩል የሂሳብ ሠራተኛው ቀና አለና «‹እንኳ› ቢገባበትስ?» አለ። «ዶፉ'ንኳ ሆነብኝ። ስድስት ይመጣል፤ ሁለት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ።»

ልጅቷ ዞር ብላ አየችው። እስክሪብቶ ጠየቀችኝ።